ኦሆድና መሃል ተቀማጯ

በእኛ ቤት ባሌና ሳልጌ መነካካት አይችሉም። ሳልጌ የባሌ ታናሽ ወንድም የዳስማት ሚስት ናት። የእኛ የሳንታል ሕዝብ ሰው ደግሞ ከታናሽ ወንድሙ ሚስት አብልጦ የሚሸሻት ሴት የለችውም። እሱ በተቀመጠበት የገመድ አልጋ ላይ እሷ አትቀመጥም፤ እሱ ባለበት ፀጉሯን አትፈታም፤ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ከተገኙ ሰፈር ይታመሳል። ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይቀባበሉም። እሱ ስሟን አይጠራም፣ እሷም ስሙን አትጠራም። የሱን ስም እኔም አልጠራም፤ ባሏን በስሙ የምትጠራ ሴት እኛ መንደር ገና አልተወለደችም። እኔ ለሱ የጎላፒ እናት ነኝ፣ እሱም ለእኔ የጎላፒ አባት ነው። ጎላፒ ራሷ አግብታ ከሄደች ቆይታለች፤ ስሟ ግን እዚሁ ቀርቶ ሁለታችንንም ያገለግላል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ሰው «ታዲያ ምን አስቀናሽ?» እያለ ስላሰለቸኝ ነው። የማይነካካ ሰው ያስቀናል ወይ ይሉኛል። ያስቀናል። አንጀት ያቃጥላል። እንዲያውም የሚነካካውን ሰው ቢይዙት ይሻላል፤ በፍየል ይቀጣል፣ የሩዝ ጠላ ይቀዳል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ያልቃል። እነዚህ የሠሩብኝ ግን ቅጣት አልተበጀለትም።

የጎላፒ አባት በእጁ ጽሕፈት የታወቀ ነው። በኦል ቺኪ፣ በገዛ ፊደላችን፣ እንደሱ የሚጽፍ በአካባቢው የለም። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ የሱ ነው፣ የሠርጉ መጥሪያ የሱ ነው፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ባንዲራም የሱ ነው። ባለፈው ክረምት የጽሕፈት ማኅበር ሰዎች ከራይራንግፑር መጡ። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል አሉ። እያንዳንዱ ፊደልና ምልክት በዓለም ባለ ማሽን ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ቁጥሩ ግን ቁጥር ነው፣ መልክ የለውም፤ እስካሁን ያለው መልክ ደግሞ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የሱ የእጅ ጽሕፈት እንዲገባ ፈለጉ። ቶሎ የመጡበትን ምክንያት አልተናገሩም፤ ዓይኑን ግን ያዩ ነበር። የባሌ ዓይን ጉም ከለበሰ ሰንብቷል።

እጁን ወደ ማሽን ማን ያስገባዋል የሚለው ሲነሳ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ነው ሳልጌ ከበር ጀርባ፣ በሳሪዋ ጫፍ ራሷን ሸፍና፣ በሹክሹክታ «እትዬ፣ እኔ እችላለሁ በያቸው» ያለችኝ። ቡባነሽዋር ተምራለች፤ ዳስማት ከሚሠራበት ከጃምሸድፑር የብረት ፋብሪካ ተበድሮ ኮምፒውተር ገዝቶላታል፤ በሙያዋም ቀልድ የለም። እኔም እንደ ሞኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ትችላለች» አልኩ። በገዛ አፌ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ኮምፒውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ሳልጌ አንድ ጥግ ትቀመጣለች፣ እሱ በረንዳው ላይ ከደጃፉ ማዶ ይቀመጣል፣ እኔ መሃል በርጩማ ላይ። እሱ በቀርከሃ ብዕሩ ይጽፍና ወረቀቱን መሬት ላይ ያኖራል። እኔ አነሳለሁ፣ ለሷ እሰጣለሁ። እሷ በማሽኑ ትሥለዋለች። ሲያልቅ ተነስታ በጓሮው በር ትወጣለች፣ እሱ ይገባል፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ተጠግቶ ያያል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «የጎላፒ እናት፣ እግሩ ረዝሟል በያት» ይላል። እሷ ከግድግዳው ወዲያ ቆማ እየሰማች! እኔም «እግሩ ረዝሟል ብሏል» እላለሁ። እሷም «እትዬ፣ በምን ያህል ይጠር በያቸው» ትላለች። እኔም «በምን ያህል ይጠር ትላለች» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ የገደል ማሚቶ ሆኜ እውላለሁ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ያለ እኔ አንዲት ነገር አይንቀሳቀስም። ሽንት ቤት ብሄድ ሥራ ይቆማል። ጎረቤቶቼ ለእንጨትና ለቅጠል ጫካ ሲወርዱ «ሥራ አለብኝ» እላቸዋለሁ፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። ባሌም በልጅነታችን እንኳ ያላየሁበት ዓይነት ደስታ ፊቱ ላይ ይታየኝ ነበር፤ ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነሳል፣ የተነከረውን ሩዝ በቆመበት ይጎርሳል፣ «የጎላፒ እናት፣ አልደረስሽም?» ይላል። ወደ ሥራችን እየጠራኝ ነበር የመሰለኝ።

ነገሩ የተበላሸው በኦሆድ ነው።

ኦሆድ ትንሽ ምልክት ናት። ከአራት ፊደላት ኋላ ትገባለች፤ ጉሮሮ ላይ ተይዞ የሚቀረውን ድምፅ ፈታ ታደርገዋለች። በማሽኑ የራሷ ቁጥር አላት፣ ስለዚህ ከፊደሉ ቀጥላ ለብቻዋ ትቆማለች። የጎላፒ አባት ሲጽፍ ግን ብዕሩን ሳያነሳ ከፊደሉ ጋር ያያይዛታል፤ የሱ እጅ የሚታወቀውም በዚህች ነው። ሳልጌ ማሽኑን ማስተማር ነበረባት፦ እነዚህ አራቱ መጥተው ኦሆድ ስትከተል ለየብቻ አታስቀምጣቸው፣ ተያይዘው ይታዩ። ይህን ማለቱ ቀላል ነው። መልኩ ግን እንቢ አለ። አንዴ ጭራዋ የፊደሉን ሆድ ይወጋል፣ አንዴ ተንጠልጥላ ትቀራለች፣ ሲያሳንሷት በትንሹ ጽሑፍ ድምጥማጧ ይጠፋል።

ሌሎቹ ፊደሎች በሙሉ አልቀው ሳለ በዚህች ምስር በምታክል ነገር ላይ ተቀምጠው ከረሙ። አሁን ወረቀቱ ብዙ ነው፣ ወሬውም ብዙ ነው። እሱ «እዚህ ጋ…» ብሎ ሲጀምር እሷ ከጥግ «ገባኝ» ትላለች። ለማን ነው የገባት? ለእኔ መልስ መስጠቷ ነው እኮ፤ ዓይኗ እኔ ላይ ነው። እሱም እኔን እያየ ነው የሚናገር። ሕጉ አልተነካም። ግን እኔ አፌን ከፍቼ «እዚህ ጋ ብሏል» ከማለቴ በፊት የሷ እጅ ሠርቶ ጨርሷል። ሌላ ቀን ደግሞ እሷ «እትዬ፣ ወገቧ ቢቀጥንስ…» ስትል እሱ «ይቀጥን!» አለ፣ እኔን እያየ፣ ፊቱ ወለል ብሎ። ማንም ምንም እንድል አልጠበቀም። ወሬያቸው በራሴ ላይ ያልፍ ጀመር።

እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ፦ ቀናሁ። በሷ ወጣትነት አልቀናሁም፣ ወጣትነት ለሁሉም ይደርሳል። በመልኳም አይደለም፤ ጥርሷ ገጣጣ ነው፣ እግዜር ይይላት። የቀናሁት በዚያ «ይቀጥን» ላይ ነው። ባሌ እኔን እንዲያ ባለ ድምፅ ምንም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም፣ መልሶልኝም አያውቅም። ሩዝ አለቀ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጎላፒ አመማት፤ የእኛ ወሬ ይኸው ነው። የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ አንዲት ቀን ወደ እኔ ዞሮ ከ«በያት» ሌላ ነገር ቢለኝ።

ለሶህራይ፣ ለመኸር በዓላችን፣ ዳስማት ከጃምሸድፑር መጣ። የባል ታናሽ ወንድም ስለሆነ በወጋችን እንደልቡ ሊቀልድብኝ ተፈቅዶለታል፣ እኔም አልምረውም። ጠላውን እየቀዳሁለት ሆዴ ያለውን ዘረገፍኩለት። ሚስትህ ውላ የምታድረው ከወንድምህ ሐሳብ ጋር ነው አልኩት። አንተ ደግሞ እዚያ ብረት ስትቀጠቅጥ ትውላለህ፣ አንጎልህም አብሮ ተቀጥቅጧል መሰለኝ አልኩት። እንደሚቆጣ ነበር ተስፋዬ። እሱ ሆዬ ጠላው እስኪያንቀው ሳቀ።

«እታለሜ» አለኝ፣ «ተያይዘው ጠፉ ቢባል እንኳ አንቺን ይዘው ነው የሚጠፉት። አንቺ መሃል ካልተቀመጥሽ የባቡር ትኬት መቁረጥ አይችሉም!»

«አንተ ደግሞ ሻንጣ ተሸክመህ ትሸኘናለህ።»

«ሻንጣውን ማን ያቀብላቸዋል ታዲያ? እሱም ያው አንቺ ነሽ።»

ግቢው ሙሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥርስ አይከዳም። ውስጤ ግን እርር አለ፣ ምክንያቱም ልጁ እውነቱን ነበር።

ስለዚህ ለምግብና ለመጠጥ የምንለቅመው የማሁዋ ዛፍ አበባ መርገፍ ሲጀምር ቅርጫቴን አንስቼ ጫካ ወረድኩ። ማንንም አልተሳደብኩም፣ በር አልደበደብኩም። አበባው ጊዜ አይሰጥም፣ ሥራው ይጠብቀኝ ብዬ ብቻ ሄድኩ። በማግሥቱም ሄድኩ። ከዚያም በማግሥቱ። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ፀሐይ ስትጠልቅ እመለሳለሁ። ስመለስ እሱ ከደጁ ዛፍ ሥር እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ሳልጌ ከጓሮ የቅጠል ሳህን ትሰፋለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጨርቅ ተሸፍኗል። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ጮቤ ረገጥኩ። አሁን ይለምነኛል አልኩ። ቁጣም ቢሆን ቁጣ ነው፣ ለእኔ የሚሆን ቁጣ ይመጣል አልኩ። እሱ ግን ራቱን በልቶ ይተኛል። እሷም «እትዬ፣ ደከመሽ፣ እግርሽን ልጠብልሽ» ትላለች። ይህ ደግሞ ከሁሉ ባሰ።

ጎረቤቴ ቻንድሙኒ አብራኝ ስትለቅም ነገሩ ገባትና «ተይ ማይኖ፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን» አለችኝ። ብብቴ ሥር ምን አለና ነው የምጥለው አልኳት።

አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ከዛፎቹ መሃል የበትር ድምፅ ሰማሁ። የጎላፒ አባት ነው። በዚያ ዓይኑ የዛፍ ሥር እየዘለለ፣ ጉድጓድ እየዳሰሰ፣ ብቻውን ጫካ ድረስ መጣ። ቅርጫቴን አስቀምጬ፣ ሳሪዬን አስተካክዬ፣ ላቤን ጠረግሁ። ሊወስደኝ መጣ አልኩ። እሱ እየዳበሰ መጥቶ አጠገቤ ከደረቁ ቅጠሎች ላይ ተቀመጠና ትንፋሹን ሰበሰበ።

«የጎላፒ እናት፣ ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ» አልኩ። ድምፄ ራሱ ሙሽራ ሆኖብኝ ነበር።

«የኦሆድ ጭራ ከሥሯ ሳይሆን ከወገቧ ቢነሳስ? ከወገቧ ተነስቶ ወደ ቀኝ ቢታጠፍ ከፊደሉ ጋር ሳይጋጭ ይገባል። ይኸው።» ቅጠሉን ገፋ አድርጎ በጣቱ አፈሩ ላይ ሣለው። «ከአልጋ ስነሳ ነው የታየኝ። እንዳልረሳው ብዬ መጣሁ። ንገሪያት።»

እዚህ ድረስ የመጣኸው ለዚህ ነው ወይ አልኩት። አላስቻለኝም።

«ለእኔ የምትለው ነገር የለህም?»

ጉም የለበሰ ዓይኑን ወደ ድምፄ አዞረና በጣም አሰበ። እየቀለደ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ ሊገባው እየታገለ ነበር።

«ላንቺ?» አለ። «ላንቺ ምን እላለሁ? አንቺ እኮ አለሽ።»

ይህ ባል ለሚስቱ ከተናገረው ሁሉ ምርጡ ይሁን መናኛው እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እንደ ቀኑ ይለያይብኛል። ቀጥሎ ግን ስለ ዓይኑ ነገረኝ። የፊደል ጠርዝ የሚታየው በጠዋት ብርሃን ብቻ ነው፣ እሱም እየጠበበ ነው፤ ዝናቡ ሲገባ ምናልባት ያ ብርሃንም አይኖርም። ይህን ሲል አልለመነኝም፣ እንደ ሩዝ ማለቅ ነው የነገረኝ። እጁን ይዤ ወደ ቤት መራሁት።

አዝኜለት ብቻ የተመለስኩ እንዳይመስላችሁ። አዝኛለሁ፤ ቅናቱ ግን አብሮኝ ነው የተመለሰው። ቤት ስንደርስ እሱ በረንዳው ላይ ጋደም አለና እንቅልፍ ወሰደው። እኔ ገባሁ። ሳልጌ ጨርቁን ገልጣ ማሽኑን ከፈተች። የተላክሁበትን ነገርኳት፦ ጭራው ከወገቧ ይነሳል፣ ከዚያ ወደ ግራ ይታጠፋል።

ወደ ግራ አልኩ። ዓይኔን ሳላሽ።

ሳልጌ ማውሱን እንደያዘች ቆም አለች። «እትዬ፣ ወደ ግራ ነው ያሉሽ?»

«ወደ ግራ።»

«እሳቸው ወደ ግራ አጥፈው አያውቁም» አለች ቀስ ብላ። ክፋት የለባትም፣ ያ ነው የሚያናድደው። «ምናልባት ድካም ይሆናል። ወደ ቀኝ ይሁን።» ብላ ወደ ቀኝ አጠፈችው።

የማን ድካም እንደሆነ አልጠየቅኋትም። በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። ያንን እጅ የመገብኩት እኔ ነኝ፤ ሲቆስል ያሰርኩት፣ ሲበርደው ጉያዬ ውስጥ ያሞቅኩት እኔ ነኝ። ይህች ልጅ ጫፉን እንኳ ነክታው አታውቅም። ወዴት እንደሚታጠፍ ግን ከእኔ በላይ ታውቃለች። ጎረቤት ሰምቶ ቢፈርድ «ምን አደረጉሽ?» ይለኛል። ምንም አላደረጉኝም። ያ ነው ያደረጉኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ብርሃኑ ሳያልፍ እሱ ገባ፣ እሷ ወጣች። የፊደሉንና የኦሆድን ቁልፍ የሚነካ ሰው ያስፈልግ ነበርና ከጓሮው በር «እትዬ፣ ባለ ነጭ ነጥቧን ንኪያት፣ ቀጥሎ ከጎኗ ያለችውን» አለችኝ። ነካሁ። መጀመሪያ ፊደሉ ብቻውን መጣ። ሁለተኛዋን ስነካ ፊደሉ ብድግ ብሎ ቦታውን አስተካከለና ኦሆድን ይዟት ቆመ። በአንድ ብዕር የተጻፈ ነበር የሚመስለው። የጎላፒ አባት አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ብዙ አየ። መብራት ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ።

ከዚያ ሳቀ። ከጓሮው በርም ሳልጌ ሳቀች፣ ራሷን ወደ ውስጥ ብቅ አድርጋ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ነበር። እሱ እሷን እያየ መሳቅ አይችልም፣ እሷም እሱን እያየች አትስቅም፣ ከደስታቸው ብዛት ግን የሚያዩት ፊት መፈለግ ነበረባቸውና በቤቱ ያለው የእኔ ፊት ብቻ ሆነ። እዚያ መሃል ቆሜ የሁለት ሰው ደስታ ተቀበልኩ፣ አንዱም የእኔ አልነበረም። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? አልቅሼ ቢሆን ኖሮ እሱንም አያዩትም ነበር።

ሳይውል ሳያድር ባጃል መጣ፣ የማኅበሩ ጸሐፊ፣ በሞተር ሳይክሉ። ልጅ እግር ነው፣ ጨዋ ነው፣ «ጆሃር» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ጎንበስ ይላል፣ ከተማ ስላደገ ግን አንዳንድ ነገር አይታየውም። ውሃ በናስ ገንቦ አቀረብኩለት። በረንዳው ላይ የገመድ አልጋው ጫፍ ተቀመጠ፣ የጎላፒ አባት ጎኑ፣ እኔ በርጩማዬ ላይ፣ ሳልጌ ከበር ጀርባ። ሥራውን በትንሿ የኮምፒውተር ማስቀመጫ ተቀበለና በስልኩ ላይ መጻፍ ጀመረ። የፊደሉ ሠሪዎች ስም ፊደሉ ራሱ ውስጥ እንደሚገባ ነገረን። ፊደሉን በጫነ ማሽን ሁሉ፣ ዴልሂም ይሁን ካትማንዱ፣ ስማቸው አብሮ ይሄዳል፣ አንዴ ከገባ አይወጣም አለ። የጎላፒ አባትን ስም ከነጎሳው ጽፎ አነበበልን።

«በማሽኑ የሠራው ደግሞ ማነው፣ ጋሼ?»

የጎላፒ አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «የታናሽ ወንድሜ ቤት ነው።»

«ዳስማት? ጎበዝ!» አለ ባጃል፣ ጣቱም ወዲያው መጻፍ ጀመረ።

«አይደለም… አይደለም፣ ልጄ። የሱ… የታናሼ…»

ባጃል ጣቱን አንስቶ ጠበቀ። ባሌ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ። «ሚስት» ቢልም የሚጻፈው ስም ነው፤ የሷ ስም ደግሞ ከአፉ አይወጣም። ሕጉ ነው። ሳልጌ ደግሞ በባሏ ታላቅ ወንድም ፊት «እኔ ነኝ፣ ስሜን ጻፉ» ብላ ብቅ አትልም፣ ብትሞት። ባጃል ወደ ስልኩ መለስ አለ፤ ዳስማት የሚለው እዚያው ተጽፎ ቀርቷል።

ያኔ የጎላፒ አባት ወደ እኔ ዞረ። ያ ዓይኑ ፊቴን ፈልጎ ሲያገኘው አየሁ። «በያት» አላለኝም። «በይው»ም አላለኝም። የሚያቀብለኝ ቃል አልነበረውም፤ ቃሉ ያለው እኔ ዘንድ ብቻ ነበር። ስመኘው የከረምኩት ይህን ነበር። ሲመጣም በሷ ምክንያት መጣ።

አልቸኮልኩም። «አዎ፣ ዳስማት ነው» ብል ማንም አያስተባብለኝም፤ ዳስማትም ስቆ ይቀበለዋል፣ ሰነፍ ነው። «እኔ ነኝ» ብልም ማን አፍ ይከፍታል? እሱ አይችል፣ እሷ አትችል። ምላሴ ላይ አዙሬ አዙሬ አየሁት፣ ጣፈጠኝም። ከዚያ የባሌን አፍ አየሁት። ገና ክፍቱን ነው። ስሟ እዚያ ውስጥ ነበር፣ ከጥርሱ ኋላ፣ ሊወጣ የማይችል። እኔ ዛሬ ካላወጣሁት ደግሞ እስኪሞት እዚያው ይዞት ይኖራል፤ ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ከጎኔ ሆኖ። ያልተጠራ ስም ከተጠራው ይበልጣል። ያንን አልሰጣትም አልኩ። በዚያ ላይ ሥራውን የሠራችው እሷ ናት፤ እጇን ያየሁት እኔ ነኝ።

«ሳልጌ» አልኩ፣ ለገበያ በሚበቃ ድምፅ። «ሳልጌ ቤስራ። ዳስማትን አጥፋው።»

ከበሩ ጀርባ አምባር ሲንቃጨል ተሰማ። የጎላፒ አባት ራሱን አጎነበሰና ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ። ያ እፎይታው እንደ ሚጥሚጣ አቃጠለኝ። ባጃል ጻፈ፣ «ተፈጸመ፣ እናታችን» አለ፣ ስልኩንም ኪሱ ሊከት ሆነ።

«አልተፈጸመም» አልኩት። «ጻፍ። ማይኖ ቱዱ።»

ግራ ገባው። «እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?»

«እኔ።»

«እርስዎ… ምን ሠሩ፣ እናታችን? እዚህ ላይ የሥራው ዓይነት ይጠየቃል።»

«ተቀመጥኩ» አልኩት። «ከክረምት እስከ ማሁዋ አበባ ተቀመጥኩ። እኔ ብነሳ ሥራው ይነሳል። ጠይቅ።»

ባጃል ወደ ጎላፒ አባት አየ፣ ፈቃድ እንደሚለምን ሰው። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

«እሱን ምን ታየዋለህ? የኔን ስም መጥራት አይችልም። የሷንም አይችልም። እኔ የሷንም እችላለሁ፣ የራሴንም እችላለሁ። የራስን ስም መጥራት የሚከለክል ሕግ ካለ አንብብልኝ።»

የጎላፒ አባት ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ፤ ባጃል እስኪያየው ድረስ። ባጃልም ስልኩን መልሶ አወጣና ከሁለቱ ስሞች በታች ሊጽፈኝ ጣቱን አወረደ።

እጁን ያዝኩት። እኔ የፈለግሁትን እጅ መያዝ እችላለሁ።

«ከታች አይደለም» አልኩት። «በሁለቱ መሃል ጻፈኝ። እዚያም ውስጥ ቢሆን አይነካኩ።»